ለሪሞት ስክሪን የጀርባ ሥዕል እንዴት ይዘጋጃል?

ሪሞት ኮንትሮል ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ የቁልፎቹ ጽሑፍ ተፋፍቆ ያለቀው ዓይነት ነው። ቁልፉ ቦታውን አይለቅም፣ ስሙም አይቀየርም፤ ፋብሪካው የሰጠንን ተቀብለን መኖር ነው። ከዚህ የተለየ ሌላ ዓይነት ሪሞት ግን አለ። በቁልፎች ፈንታ በጣት የሚነካ ስክሪን ያለው፣ በስክሪኑ ላይ ምን እንደሚታይና ሲነካም ምን እንደሚያደርግ ባለቤቱ ራሱ በኮምፒውተር የሚወስንለት ማለት ነው። የዛሬው ጽሑፌ ለእንዲህ ዓይነቱ ሪሞት የራስን የጀርባ ሥዕል (ባክግራውንድ) ስለማስገባት ነው። «ጋዜጠኝነትና ሪሞት ምን አገናኛቸው?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ፤ የገጽ ቅንብር የተማረ ሰው እዚህ ውስጥ ብዙ የሚያውቀው ነገር ያገኛል።

የዚህ ዘር አባት ሊባል የሚችለው ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ፕሮንቶ ነው። ኩባንያው ከዓመታት በኋላ ምርቱን አቁሞታል፤ ተመሳሳይ ሪሞት ይሠራ የነበረው ሎጊቴክም እ.ኤ.አ. በ2021 የሃርመኒ ምርቱን መሥራት እንደሚያቆም አስታውቋል። ዕቃው ግን ጠንካራ ስለሆነ ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አጎቴ ከውጭ ይዞት የመጣውም ከእነዚህ አንዱ፣ የመጀመሪያው ፕሮንቶ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የተለመደው የቴሌቪዥን ሪሞት ቁልፉ ሲነካ ዓይን የማያየውን የኢንፍራሬድ ብርሃን ብልጭ ድርግም እያደረገ ይልካል፤ ቴሌቪዥኑ የብልጭታውን ቅደም ተከተል አንብቦ ትእዛዙን ይረዳል። ፕሮንቶ ደግሞ የሌሎቹን ሪሞቶች ብልጭታ ፊት ለፊት ተደቅኖ ይማራል፣ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ እኛ በሠራነው ቁልፍ ሥር ያደርገዋል። ብዙ ትእዛዝ በአንድ ቁልፍ ማሰርም ይቻላል። ቴሌቪዥኑን ክፈት፣ ሪሲቨሩን ክፈት፣ ጣቢያው ላይ ሂድ የሚሉትን ሦስቱን በአንድ ንክኪ ይልካቸዋል። የጀርባው ሥዕል በዚህ ሁሉ ውስጥ አንዳችም ሥራ የለውም። ማሳመሪያ ነው። ቢሆንም ሪሞቱን የሚያስጠላውም የሚያስወድደውም እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የመጀመሪያው ፕሮንቶ ስክሪን በቁመቱ ሲያዝ 240 በ320 ነጥብ ነው፤ ቀለሙም አራት ብቻ ነው፤ ነጭ፣ ፈዛዛ ግራጫ፣ ጥቁር ግራጫ እና ጥቁር። ስለዚህ በስልካችን ያነሳነውን ፎቶ እንዳለ ወስደን ብንሰጠው የሚወጣው ጭቃ ነው። መጀመሪያ ፎቶውን በልኩ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ሰፊውን ፎቶ ጨምድዶ ማጥበብ ሳይሆን አላስፈላጊውን ጥሎ የሚፈለገውን ማስቀረት ነው። ቀጥሎ ወደ ጥቁርና ነጭ መለወጥ፣ ከዚያም ብርሃኑን መጨመር። በኮምፒውተር ላይ ከሚገባው በላይ የነጣ የሚመስለው በሪሞቱ ላይ ልከኛ ሆኖ ይታያል።

አራት ቀለም እንዴት የሰው ፊት ወይም ተራራ ሊያሳይ ይችላል? ጋዜጣ አንሥታችሁ ፎቶውን ወደ ዓይናችሁ አስጠጉት። ግራጫ የመሰለው ሁሉ የጥቁር ቀለም ነጠብጣብ ነው፤ ነጠብጣቡ ሲወፍር ጨለማ፣ ሲቀጥን ብርሃን ይሆናል። የኮምፒውተሩም ዘዴ የዚህ ዘመድ ነው። ሮበርት ፍሎይድና ሉዊስ ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተሙት ስልት እያንዳንዱን ነጥብ ካሉት ቀለሞች በጣም ወደሚቀርበው ይወስደዋል፤ በዚህ ጊዜ የተፈጠረችውን ልዩነት ግን አይጥላትም፣ ገና ላልተሠሩት ጎረቤት ነጥቦች ያካፍላቸዋል። አንዱ ከጠቆረ ጎረቤቱ ይነጣል፣ ዓይናችንም ከሩቅ ሲያይ አቀላቅሎ መካከለኛውን ያነብባል። አብዛኞቹ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሞች ይህ ምርጫ አላቸው። ለፎቶ እጅግ ጥሩ ነው፤ ለፊደል ግን ጠላት ነው፤ የፊደሉን ጠርዝ በነጠብጣብ ያቆሽሸዋል።

ፊደል ካልኩ አይቀር፣ እኔን ወደዚህ ሥራ ያስገባኝ ይሄው ፊደል ነው። ሪሞቱን የፈለግነው ለአያቴ ነበር። አያቴ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ፊደል የቆጠሩ ናቸው፤ አማርኛ በደንብ ያነባሉ፣ የእንግሊዝኛ ቁልፍ ግን አያነቡም። በሦስት ሪሞት መካከል ግራ ተጋብተው ቴሌቪዥኑን የሚከፍትላቸው ሰው እስኪመጣ ቁጭ ይላሉ። ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ስለማንኖር የሚወዱት ፕሮግራም ያልፋቸዋል። አጎቴ ስክሪኑን አሳምሮ ሊሰጣቸው ፈልጎ በየገጹ የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ካላደረግን አለ። አድርገን አሳየናቸው። አያቴ ግራ ቀኝ አገላብጠው አዩና፣

«ተባረኩ ልጆቼ፣ ቤተ ክርስቲያኑስ ደርሶኛል፤ መክፈቻው የቱ ጋ ነው?» አሉ።

ትክክል ናቸው። በፎቶ ላይ ጽሑፍ ከተጫነ አንዱ ሌላውን ይበላዋል፤ ይህንን የገጽ ቅንብር ያስተማሩን መምህር ሲደጋግሙት ሰልችቶኝ ነበር። እዚህ ላይ የተጠቀምኩበት መላ ቀላል ነው። ከአራቱ ቀለሞች ነጩንና ፈዛዛውን ግራጫ ለጀርባው ሥዕል ብቻ መስጠት፣ ጥቁሩን ግራጫና ጥቁሩን ለቁልፍና ለፊደል ማስቀረት። ቤተ ጊዮርጊስ እንደ ውኃ ምልክት ፈዘዝ ብሎ ከኋላ ቀረ፣ ፊደሉ ከፊት ወጣ። አጎቴ ትንሽ ቅር ብሎታል፤ ይሁን።

ሌላው ችግር ሪሞቱ የግዕዝ ፊደል የሚባል አያውቅም። ለቁልፉ ስም ብሎ አማርኛ መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ ፊደሉ ራሱ ሥዕል መሆን አለበት። በኮምፒውተሩ የሥዕል ፕሮግራም ላይ «ክፈት»፣ «ድምፅ ጨምር»፣ «ዜና» እያሉ በአማርኛ ጽፎ፣ በቢኤምፒ ዓይነት አስቀምጦ ማስገባት ነው። ፊደሉ ወፈር ያለ (ቦልድ) ይሁን። የእኛ ፊደል ሲያንስ ከላቲኑ ቶሎ ይጎዳል፤ «ሰ»ን ከ«ሸ»፣ «ነ»ን ከ«ኘ» የምትለየው ከላይ ያለችው ሰረዝ ናት፣ «ክ»ንም ከ«ከ» የምትለየው ትንሽ ጭረት ናት። ጥቂት ነጥብ ሲጠፋ ቃሉ ሌላ ቃል ይሆናል። የቁልፎቹን ቁጥር ቀንሼ እያንዳንዱን ማስፋት የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ለአያቴ በአንድ ገጽ ስድስት ቁልፍ በቂ ነው።

አዲስ ጀማሪን የሚያስቸግር አንድ ነገር አለ። በመጀመሪያው ፕሮንቶ የቁልፍ ሥዕል ብርሃን አያሳልፍም፤ ክብ ቁልፍ ብትሥሉ እንኳ በዙሪያው ያለው አራት ማዕዘን የጀርባውን ሥዕል ይሸፍነዋል። መፍትሔው ቁልፉ ከሚያርፍበት ቦታ የጀርባውን ሥዕል በትክክል ቆርጦ፣ በቁራጩ ላይ ቁልፉን ስሎ፣ መልሶ እዚያው ማስቀመጥ ነው። አንድ ነጥብ እንኳ ወደ ጎን ከሸሸ ስፌቱ ይታያል። ሲነካ ለሚታየው መልክም ሁለተኛ ቁራጭ ያስፈልጋል፤ እኔ ቀለሙን ገልብጬ ጥቁሩን ነጭ አደረግሁት፣ አያቴም መንካታቸውን በዓይናቸው ያረጋግጣሉ።

ማስገባቱ ፕሮንቶኤዲት በሚባለው ፕሮግራም ነው። ከሁሉ በፊት በሪሞቱ ውስጥ ያለውን ወደ ኮምፒውተር አውርዶ ለብቻው ማስቀመጥ ግድ ነው፤ የተማራቸው ትእዛዞች ሁሉ እዚያ ናቸው። ከዚያ በገጹ ላይ ፍሬም ዘርግቶ ሥዕሉን መስጠት፣ ቁልፎቹን ከላይ መደርደር። ገመዱ የድሮው ሲሪያል ስለሆነ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር መሰኪያ ይጠይቃል። ወደ ሪሞቱ ከመላካችሁ በፊት አብሮት በሚመጣው ማስመሰያ ፕሮግራም በኮምፒውተር ላይ ሞክሩት፤ በገመዱ መላክ ትዕግሥት ይፈልጋል።

የቦታውንም ነገር አትርሱ። 240 በ320 ማለት 76,800 ነጥብ ነው። ለአራት ቀለም እያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ቢት ስለሚወስድ አንድ ሙሉ ሥዕል ሳይጨመቅ 19,200 ባይት ይሆናል፤ ሠላሳ ገጽ በሠላሳ የተለያየ ሥዕል ብትሞሉ 576,000 ባይት ነው። በኋላ በመጡት ባለ 256 ቀለም ሞዴሎች ደግሞ ያው ሥዕል አራት እጥፍ ይሆናል። የመጀመሪያው ሞዴል ማስታወሻ ዛሬ በስልክ ከምናነሳት አንድ ፎቶ ያነሰ ስለሆነ፣ እኔ ሥዕሉን ለመግቢያው ገጽ ብቻ አድርጌ የቀሩትን ነጭ ትቻቸዋለሁ።

አያቴ አሁን «ዜና» የምትለዋን ራሳቸው ይነካሉ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የሬዲዮኑንም ሪሞት ይዘውልኝ መጥተዋል፤ እሱን ለማስተማር አራት ድንጋይ መግዛት አለብኝ።