ከቲሸርት ማተሚያ ወደ ጉድጓድ አፍ

በወልቂጤና በቡታጅራ መካከል የጉራጌ ተራሮች ተጋድመዋል። ሰንሰለቱ ውሃውንም ለሁለት ይከፍለዋል። በወልቂጤ በኩል የሚወርደው በዋቤ ወንዝ አድርጎ ጊቤ ይገባል፤ በቡታጅራ በኩል ያለው በመቂ ወንዝ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይሄዳል። ቡታጅራ የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ናት። ከዚያ ወደ ሸለቆው ወለል በተወረደ ቁጥር የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ እየጨመረ የመሄድ ጠባይ አለው፤ የእሳተ ገሞራው ድንጋይ ፍሎራይድ ይለቃል፣ ካልሲየም ያነሰው ውሃም እንደያዘው ይቀራል።

ፍሎራይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። በልጅነት ሲበዛ ጥርስ ያበልዛል፤ ለዓመታት ሲጠጣ አጥንት ያደነድናል፣ ወገብ ያጎብጣል። በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ባለችው ወንጂ ይህን ጉዳት ካጠኑት ሐኪሞች አንዱ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው፤ በቡታጅራ ዙሪያም የነርቭ ሕመሞችን አጥንተዋል። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አይነካም፤ እንዲያውም እንፋሎቱ ሲሄድ የቀረው ውሃ ይብስበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ጎረቤታሞች የሆኑ ሁለት ጉድጓዶች እንኳ በጥልቀትና በድንጋይ ስለሚለያዩ፣ የአንዱ ውጤት ለሌላው ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጉድጓድ መለካት አለበት፤ የታተመ ሴንሰር የሚያስፈልገንም ለዚህ ነው።

የስኳር ሕመምተኛ ደሙን ጠብ የሚያደርግባት ስትሪፕ የዚሁ ቤተሰብ ናት። አሠራሩ ቲሸርት ከሚታተምበት ስክሪን የተለየ አይደለም፤ ስስ ጨርቅ በፍሬም ይወጠራል፣ ንድፉ ያለበት ብቻ ክፍት ይተዋል፣ ቀለሙ በላስቲክ መጥረጊያ ይገፋል። ልዩነቱ ቀለሙ ላይ ነው። አንደኛው የካርቦን ብናኝ፣ ሌላኛው የብር ማዕድንና ብር ክሎራይድ አለበት። ሁለቱ በፕላስቲክ ቁራጭ ላይ ጎን ለጎን ታትመው በሙቀት ይደርቃሉ። ከዚያ ካርቦኑ ላይ የተፈለገውን አዮን ለይቶ የሚይዝ ስስ ሽፋን ይደረጋል። ለፖታሲየም ቫሊኖማይሲን የተባለ ሞለኪውል አለ። ለፍሎራይድ ደግሞ፣ ፍራንትና ሮስ እ.ኤ.አ. በ1966 ይፋ ካደረጉት ኤሌክትሮድ ወዲህ፣ የላንታነም ፍሎራይድ ክሪስታል ነው አለኝታው።

ስትሪፑ ውሃ ውስጥ ሲገባ በሁለቱ ህትመቶች መካከል ትንሽ ቮልቴጅ ይፈጠራል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፍሎራይዱ 10 እጥፍ ሲለወጥ ቮልቴጁ በ59 ሚሊቮልት ገደማ ይለወጣል። እጥፍ ሲሆን ግን 18 ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ይበል፦ የ4 ሚሊቮልት ስህተት ውጤቱን በ17 በመቶ ገደማ ያዛባል። 1.3 የሆነው ውሃ 1.5 ተብሎ ሊነበብ ይችላል፤ በወሰኑ አካባቢ ይህ ሰፊ ልዩነት ነው።

ከሁሉ የከበደው ችግር፣ በእኔ እምነት፣ ብዙዎች የማያዩት ሁለተኛው ህትመት ነው። ብር ክሎራይድ ያለበት ክፍል ማመሳከሪያ ስለሆነ ባለበት መጽናት አለበት፤ ነገር ግን ራሱ ለክሎራይድ ስሜት አለው። ጨዋማ ውሃ በቀጥታ ከነካው የራሱ ቮልቴጅ ይቀየራል፣ መሣሪያውም ያንን ፍሎራይድ ብሎ ያነበዋል። ለዚህ ነው ጥሩ ስትሪፕ ማመሳከሪያውን ጨው በያዘ ሽፋን የሚጠብቀው። ሌላው ጣጣ የውሃው ባሕርይ ነው፤ አልካላይ ሲበዛ ሃይድሮክሳይድ የፍሎራይድን ቦታ ይሻማል፣ አሲድ ሲበዛ ደግሞ ፍሎራይዱ ከሃይድሮጅን ጋር ተያይዞ ከእይታ ይሰወራል። ከመለካት በፊት ፒኤቹን 5 ተኩል አካባቢ የሚያደርግ ድብልቅ የሚጨመረው ስለዚህ ነው።

ሽንት ቤት አጠገብ የተቆፈረ የእጅ ጉድጓድ ላይ፣ ወልቂጤም ይሁን ቡታጅራ፣ ሌላው ጥያቄ ከፍሳሹ የሚሰርገው ናይትሬት ነው፤ ወሰኑ በሊትር 50 ሚሊግራም ሲሆን በተለይ ጡጦ ለሚጠቡ ጨቅላዎች ያሰጋል። ለእሱም ሽፋኑን ብቻ ቀይሮ ማተም ይቻላል።

ጉድጓዱ አፍ ላይ ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ በሊትር 1 እና 10 ሚሊግራም ፍሎራይድ የያዙ ሁለት ፈሳሾች ይለካሉ፤ የቮልቴጅ ልዩነታቸው ወደ 59 ሚሊቮልት ካልተጠጋ ስትሪፑ ይጣላል። ቀጥሎ ናሙናው፣ በመጨረሻም ባለ 1 ሚሊግራሙ እንደገና። ቁጥሩ ከቀድሞው ከ2 ወይም ከ3 ሚሊቮልት በላይ ከራቀ፣ በመሃል የተነበበው ናሙና አይመዘገብም፤ በአዲስ ስትሪፕ ይደገማል።