የአረጋውያን ወላጆች ሕክምና ቀድሞ ይታሰብበት

እርጅና ብቻውን አይመጣም፤ የወገብና የጉልበት ሕመም፣ የዓይን መድከምም ይከተሉታል። በወረታ ዙሪያ በተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ደግሞ ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው መንገዱን ያጥለቀልቁታል፤ ወባም ይበረታል። ጉልበት ያለው ተሻግሮ ሲታከም፣ አረጋውያን «ያልፍልኛል» እያሉ ቤት ይቀራሉ።

ጤፍና ሩዝ ሲያርሙ፣ ልጅ ሲያሳድጉ ያረጁ እናቶች ደመወዝተኛ ስላልነበሩ የጡረታ አበል የላቸውም። ጧሪያቸው ልጅ ነው። የከተማው ልጅ ግን ብዙውን ጊዜ ገንዘብ የሚልከው እናቱ አልጋ ከያዘች በኋላ ነው። ያን ጊዜ በሽታው ይጸናል፤ ወጪውም ይከብዳል።

ፎገራ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ነበር። አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍለው ቤተሰቡ ዓመቱን ሙሉ ይታከማል። አቅም ለሌላቸው ድሆች መንግሥት የሚከፍልበት አሠራርም አለ።

ስለዚህ በከተማ የምትኖሩ እናቶችና ሠራተኞች፣ የወላጆቻችሁ የመድኅን ደብተር መታደሱን በየዓመቱ ጠይቁ፤ መዋጮውንም በወቅቱ ላኩ። አያት ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ ከሆነ ስማቸው በደብተሩ መግባቱን አረጋግጡ። ሲታመሙም በመጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም በማስተላለፊያ ወረቀት ወደ ሆስፒታል እንዲሄዱ ምከሩ።

ለቀብር በዕድር የምንዘጋጀውን ያህል፣ በሕይወት ላሉ ወላጆቻችን ሕክምናም እንዘጋጅ።