የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፦ የሰርቨር ፍጥነት በገበያ ሚዛን

ሻጭ “ፍጥነቱን ቀንሼዋለሁ፤ ይሻልሃል ውሰደው” ብሎ ዕቃውን ሲያቀርብ በገበያ ላይ እምብዛም አይታይም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 የሆነው ግን ይኸው ነው። ከኔትፍሊክስ እስከ ፔይፓል ያሉ ታላላቅ ኩባንያዎች የሚገለገሉበት ኖድ የተባለው ሶፍትዌር፣ በዚያው ዓመት ኤፕሪል በ22ኛ እትሙ ያስገባውን “ማግሌቭ” የተሰኘ የፍጥነት መሣሪያ በ22.9 እትሙ ዘግቶት ወጣ። ለዚህ የተሰጠው ምክንያት አጭርና ግልጽ ነበር። መሣሪያው አልፎ አልፎ ፕሮግራሞችን በድንገት ያቆማል፤ አንዳንድ ጊዜም ያልተጠበቀ ውጤት ይሰጣል። ስህተቱ ያለው ሞተሩ ራሱ በሚያመርተው ትእዛዝ ውስጥ ስለሆነም፣ ተጠቃሚው ፈልጎ ሊያገኘው ይቅርና ከየት እንደመጣ እንኳ ለማወቅ ይቸገራል።

ነገሩ ሲታይ የኮምፒዩተር ሰዎች የውስጥ ጉዳይ ይመስላል። ይሁንና ክፍያ የሚቀበል፣ ትኬት የሚቆርጥ ወይም ዕቃ በኢንተርኔት የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ገንዘቡን ያዋለ ሰው ሊያልፈው የሚገባ አይደለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ድርጅት የሰርቨር ፍጥነት በየወሩ የሚከፈል ኪራይ ሲሆን፣ የሰርቨር ስህተት ደግሞ በመዝገብ ላይ ያልሰፈረ ዕዳ ነው። ሁለቱ በአንድ ሚዛን ላይ ሲወጡ ዘወትር አብረው ከፍ አይሉም።

ዕቃው ምንድን ነው?

ጃቫ ስክሪፕት የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1995 ብሬንደን አይክ በኔትስኬፕ ኩባንያ ውስጥ በአሥር ቀን የመጀመሪያ ቅርጹን ሰጥቶታል። ቋንቋው ለብዙ ዓመታት በአብዛኛው በብራውዘር ውስጥ ታጥሮ የድረ ገጽ ማስጌጫ ሆኖ ኖረ። በ2008 ጎግል ክሮም የተባለውን ብራውዘር ሲያወጣ “ቪ ኤይት” የተሰኘ ፈጣን የጃቫ ስክሪፕት ሞተር ይዞ መጣ። በቀጣዩ ዓመት ራያን ዳል የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር ያንን ሞተር ከብራውዘሩ አውጥቶ ሰርቨር ላይ ተከለውና ኖድ ብሎ ሰየመው። የመኪና ሞተር አውልቆ ወፍጮ ቤት ላይ እንደመግጠም ያለ ሥራ ነው።

የኖድ ብልሃት በአንድ ምግብ ቤት ምሳሌ ሊገለጽ ይችላል። ትእዛዝ ተቀብሎ ምግቡ እስኪደርስ ድረስ ከጠረጴዛው አጠገብ የሚቆም አስተናጋጅ አለ። ለመቶ ጠረጴዛ መቶ እንደዚህ ያለ አስተናጋጅ ያስፈልጋል። ኖድ ግን ትእዛዙን ለማድ ቤት ሰጥቶ ወዲያው ወደ ሌላው ጠረጴዛ የሚሄድ፣ ምግቡ ሲደርስ ብቻ የሚመለስ አስተናጋጅ ነው። አንዱ ብቻውን ብዙ ደንበኛ ያስተናግዳል። ስለዚህ የተከራዩት ኮምፒዩተር ቁጥር ይቀንሳል ማለት ነው።

ትርፉ በቁጥር

ይህንን በተግባር ያሳዩ ኩባንያዎች አሉ። ሊንክዲን የሞባይል አገልግሎቱን ወደ ኖድ ባዛወረ ጊዜ 30 የነበሩት ሰርቨሮች ወደ 3 መውረዳቸው በ2012 ተነግሯል። ፔይፓል በበኩሉ በ2013 አንድ የድረ ገጹን ክፍል በጃቫና በኖድ ጎን ለጎን አሠርቶ ሲያነጻጽር፣ የኖዱ በሴኮንድ የሚያስተናግደው ጥያቄ እጥፍ ሆኖ፣ ምላሽ ለመስጠት የሚወስደው አማካይ ጊዜ ደግሞ በ35 በመቶ ቀንሶ መገኘቱን አስታውቋል። እርግጥ አሮጌ ቤት አፍርሶ አዲስ የሠራ ሰው፣ ምቾቱ ከአዲሱ ጡብ የመጣ ነው ወይስ ከአዲሱ ፕላን ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ፕሮግራምን እንደገና መጻፍ በራሱ ብዙ ጉድፍ ያስወግዳልና።

ዛሬ የፍጥነት ዋጋ በሳንቲም ሊቆጠር ይችላል። የአማዞን “ላምዳ” አገልግሎት ኮምፒዩተሩን በሥራ ሰዓቱ ልክ የሚያከራይ ሲሆን፣ እስከ 2020 ማብቂያ ድረስ ሂሳቡን ወደ መቶ ሚሊ ሴኮንድ እያጠጋጋ ነበር የሚያስከፍለው። ከዲሴምበር 2020 ጀምሮ ግን በእያንዳንዷ ሚሊ ሴኮንድ ያስከፍላል። ከኦገስት 2025 ወዲህም ፕሮግራሙ ከመነሣቱ በፊት ለመሰናዳት የሚወስደውን ጊዜ በሂሳቡ ውስጥ አስገብቶታል። ቀድሞ ቶሎ መነሣት ለደንበኛው ምቾት ብቻ ይታሰብ ከነበረ፣ አሁን በደረሰኝ ላይ የሚታይ ቁጥር ሆኗል።

አንድ ትልቅ ድርጅት በወር አንድ ቢሊዮን ጥያቄ ያስተናግዳል እንበል። ለእያንዳንዱ አንድ ጊጋ ባይት ሜሞሪ ለመቶ ሚሊ ሴኮንድ ቢይዝ፣ በአማዞን መደበኛ የአሜሪካ ታሪፍ የሥራ ሰዓቱ ኪራይ 1,666 ዶላር ገደማ ይመጣል። ያው ሥራ በ60 ሚሊ ሴኮንድ ቢያልቅ 1,000 ዶላር ይሆናል። ልዩነቱ በዓመት ወደ 8,000 ዶላር ይጠጋል።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ገዢ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ከጅቡቲ ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴ በእጥፍ የሚፈጥን መኪና ቢገዛ፣ መኪናው ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ ተራ ሲጠብቅ የሚውል ከሆነ የጉዞው ጊዜ በግማሽ አይቀንስም። በሰርቨርም እንዲሁ ነው። ከመቶ ሚሊ ሴኮንዱ 80ው የሚያልፈው የዳታ ቤዝ መልስ በመጠበቅ ከሆነ፣ ሞተሩ በእጥፍ ቢፈጥንም የሚድነው ከቀሪው 20 ግማሹ፣ ማለትም 10 ሚሊ ሴኮንድ ብቻ ነው። “እጥፍ ፈጣን” የሚለው ማስታወቂያ ሐሰት ሳይሆን የገዢው ኪስ የሚያየው ትርፍ 10 በመቶ ላይ ይቆማል።

የዋልማርት ቀዳዳ

ፍጥነት በማስታወቂያ ሲነገር፣ ስህተት ግን ድምፁን አጥፍቶ ይበላል። በ2013 የአሜሪካው የችርቻሮ ንግድ ግዙፍ ዋልማርት የሞባይል አገልግሎቱን በኖድ ላይ አስቀምጦ፣ የዓመቱ ትልቁ የግብይት ቀን ለሆነው “ብላክ ፍራይዴይ” ይዘጋጅ ነበር። ችግሩ ሰርቨሮቹ የያዙት ሜሞሪ በየሰዓቱ በጥቂት በጥቂቱ እያደገ መሄዱ ነበር። እንደ ቀዳዳ በርሜል ማለት ነው፤ የሚፈሰው ጥቂት ቢሆንም አያቆምም።

በኤራን ሐመር የሚመራው የዋልማርት ቡድን ለወራት የራሱን ፕሮግራም ሲፈትሽ ቆየ። ጥፋተኛው ግን የእነሱ ፕሮግራም አልነበረም። ኖድን በዚያን ጊዜ ያስተዳድር ከነበረው ጆየንት ኩባንያ ቲጄ ፎንቴን የተባለው መሐንዲስ ተጨምሮበት ሲመረመር፣ ቀዳዳው በኖድ በራሱ አንጀት ውስጥ ተገኘ። ነገሩ በመጋዘን ቋንቋ ሲነገር እንዲህ ነው። ዕቃው ወጥቶ ሄዷል፤ ቢን ካርዱ ላይ ግን ወጪ አልተደረገም። ስለዚህ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ሳለ “ተይዟል” እንደተባለ ይቀራል። ጠራጊው ይመጣል፤ ካርዱን ያያል፤ ሳይነካ ያልፋል። እንዲህ ያለው መደርደሪያ ሲበዛ መጋዘኑ ሞላ ይባላል።

እርማቱ ራሱ እጅግ አጭር ነበር። በኖቬምበር 2013 በወጣው 0.10.22 እትም ዝርዝር ውስጥም የተዘጉ መያዣዎችን የሜሞሪ መፍሰስ አስተካክሏል በሚል በአንዲት መስመር ብቻ ተጠቅሶ ታልፏል። የዚያ ዓመት ብላክ ፍራይዴይ ኖቬምበር 29 ቀን ዋለ። የወራት ልፋት፣ የሁለት ኩባንያ ባለሙያና የዓመቱ ትልቁ ገበያ በዚያች አንዲት መስመር ላይ ተንጠልጥለው ነበር ማለት ይቻላል።

ፍጥነቱ ስህተት ይዞ ሲመጣ

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ስህተቱ የሚመጣው በፍጥነቱ ጀርባ ታዝሎ ነው። ማግሌቭ አንዱ ምሳሌ ነው። ሁለተኛው በ2025 የታየው ነው።

ማንኛውም የጃቫ ስክሪፕት ሞተር ስሞችንና ቃላትን እንደ ፖስታ ቤት ሣጥን በየቁጥራቸው ያስቀምጣል። ቁጥሩ የሚወጣበት ስሌት ፈጣን ከሆነ ሁሉ ነገር ይፈጥናል። በሜይ 2025 የወጣው የኖድ 24ኛ እትም የያዘው ቪ ኤይት ይህንኑ ስሌት በአዲስና ፈጣን ዘዴ ተክቶት ነበር። ሆኖም ተንኮለኛ ሰው ሁሉም በአንድ ሣጥን ውስጥ የሚወድቁ ቃላት አዘጋጅቶ በገፍ ቢልክ፣ ሠራተኛው ያንን አንድ ሣጥን ሲያገላብጥ ውሎ ሌላው ደንበኛ ይጉላላል። ይህ የጥቃት ዘዴ ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ በስፋት የታወቀና መከላከያም የተበጀለት ሲሆን፣ አዲሱ ስሌት መከላከያውን ከንቱ አድርጎት ተገኘ። የሣጥኑን ምሥጢር ቁጥር የማያውቅ ሰው ጭምር ጥቃቱን መፈጸም ይችል ነበር። በጁላይ 15 ቀን 2025 በወጣው 24.4.1 እትም ጉድለቱ ተስተካከለ። ከሜይ እስከ ጁላይ በዚያ እትም ላይ ሥራቸውን የከፈቱ ግን ፍጥነቱን ሲያጣጥሙ በራቸው ገርበብ ብሎ እንደነበር አላወቁም።

ፉክክሩና ከፋዩ

ታዲያ ይህን ሁሉ መጣደፍ ምን አመጣው? መልሱ ፉክክር ነው። ራሱ የኖድ ፈጣሪ ራያን ዳል በ2018 በርሊን ላይ በኖድ የተጸጸተባቸውን ነገሮች በአደባባይ ዘርዝሮ፣ ዴኖ የተባለ ሌላ ሞተር ይዞ ብቅ አለ። የዴኖ ኩባንያ በ2022 በሴኮያ መሪነት 21 ሚሊዮን ዶላር አሰባሰበ። በዚያው ዓመት የጃሬድ ሰምነር በን የተሰኘ ሞተር ከክላይነር ፐርኪንስና ከሌሎች 7 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። በን የጎግልን ሞተር ትቶ አፕል ለሳፋሪ ብራውዘር የሠራውን ሞተር የተጠቀመ ሲሆን፣ በሴፕቴምበር 2023 የመጀመሪያ ሙሉ እትሙን ሲያወጣ ዋናው የመሸጫ ቃሉ ፍጥነት ነበር። በዲሴምበር 2025 አንትሮፒክ የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ በንን መግዛቱን አስታውቋል።

ኖድ ግን ባለቤቱ አንድ ኩባንያ አይደለም። ከ2019 ጀምሮ ኦፕን ጄኤስ በተባለ ፋውንዴሽን ሥር ይገኛል። ሞተሩን ቪ ኤይትን በዋናነት የሚደጉመው ጎግል ሲሆን፣ ይህንንም የሚያደርገው ክሮም እንዲፈጥን ስለሚፈልግ ነው። ሁሉም ዕቃ ለተጠቃሚው በነፃ ይሰጣል። በነፃ የተሰጠ ዕቃ ግን ከፋይ የለውም ማለት አይደለም። የእርማቱ ሥራ የሚቀጥለው ከፋዩ ጥቅሙን እስካየ ድረስ ነውና ኢንቨስተር የሞተሩን ፍጥነት ከማየቱ በፊት ከጀርባው ያለውን ኪስ ቢመለከት ይበጀዋል።

እርማቱ ነፃ ነው፤ መቀበሉ ግን ያስከፍላል

የእርማት ትሩፋት የሚደርሰው አዲሱን እትም ለጫነ ብቻ ነው። መጫን ደግሞ የሰው ጉልበት፣ ሙከራና ሌሊት ማደርን ይጠይቃል። ስለዚህ ብዙ ድርጅት “የሚሠራውን አትንካ” ብሎ ይቀመጣል። በኖድ አሠራር ለረጅም ጊዜ እንዲያገለግል የታጨ እትም ወደ ሦስት ዓመት ገደማ ዕድሜ ይሰጠዋል። የ18ኛው እትም ዕድሜ ኤፕሪል 30 ቀን 2025 አብቅቷል። ለ22ኛው የተቆረጠለት ቀን ኤፕሪል 2027 ሲሆን ለ24ኛው ደግሞ ኤፕሪል 2028 ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ አዲስ ቀዳዳ ቢገኝ ከፋውንዴሽኑ በኩል የሚደፍነው የለም። ዋስትናው ያለፈበት መኪና መንገድ ላይ መሄዱን አያቆምም፤ ሲበላሽ ግን ወጪው የባለቤቱ ነው።

ነገሩ ለአዲስ አበባም ቅርብ ነው። አገልግሎታቸውን ከውጭ አገር በተከራዩት ሰርቨር ላይ ያስቀመጡ ድርጅቶች ሂሳብ የሚመጣላቸው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከላይ በተሰላው ምሳሌ በወር የምትባክነው 666 ዶላር በቀድሞው ተመን 38,000 ብር ያህል ነበረች፤ በ100 ብር ሂሳብ ግን 66,600 ብር ትሆናለች። ሰርቨሩም ፕሮግራሙም አልተለወጠም፤ ችላ የተባለው ብክነት ግን በብር ሲታይ ከግማሽ በላይ አድጓል።

ስለሆነም በእንዲህ ዓይነት ድርጅት አክሲዮን ለመግዛት የተሰናዳ ሰው “ከሁሉ የሚፈጥነው የትኛው ነው?” ብሎ መጠየቁ ብቻ አይበቃውም። የሚሠራበት እትም ስንተኛ ነው? ድጋፉስ እስከ መቼ ነው? አዲስ እርማት ሲወጣ ድርጅቱ በስንት ቀን ውስጥ ይጭነዋል? ሥራ አስኪያጁ ለነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ወዲያው መልስ ከሰጠ ሰርቨሩን የሚያውቅ ሰው ነው። “ባለሙያዎቹን ልጠይቅ” ካለ ግን ገዢው የአክሲዮኑን ዋጋ እንደገና ቢከራከር ያዋጣዋል።