ነዳጁ ይቅደም፤ አየሩ ይከተል

ከምጽዋ ተነሥቶ ጊንዳዕንና ነፋሲትን አልፎ አሥመራ የሚገባ ሾፌር 115 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በዚህች አጭር መንገድም ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ተራው የቤንዚን ሞተር በዚህ አቀበት ላይ ጉልበቱ እየደከመ መሄዱ የታወቀ ነው። ምክንያቱም በባሕር ዳርቻ 1.01 ባር የነበረው የአየር ግፊት አሥመራ ሲደረስ ወደ 0.77 ባር ገደማ ይወርዳል፤ አየሩ በሳሳ መጠን ሞተሩ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ቱርቦ የተባለው መሣሪያ ይህን ጉድለት ይሞላል። ይሁን እንጂ ቱርቦ አየር ይሰጣል እንጂ ነዳጅ አይሰጥም። ይህን የዘነጋ ባለመኪና ሞተሩን በገዛ እጁ ያቃጥላል። በዚህ ጽሑፍ ቱርቦ የተገጠመለት አውቶማቲክ የቤንዚን መኪና የነዳጅ አሰጣጥ በምን ዓይነት ሥርዓት መስተካከል እንዳለበት ለአንባብያን ለማስረዳት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የቱርቦ አሠራር የተወሳሰበ አይደለም። ከሲሊንደሮቹ የሚወጣው ትኩስ ጭስ በማርሚታው በኩል ከመውጣቱ በፊት አንዲት ትንሽ ተርባይን እንዲያሽከረክር ይደረጋል። ከተርባይኗ ጋር በአንድ ዘንግ የተያያዘው ኮምፕሬሰር ደግሞ አየሩን እያመቀ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ይህን ሐሳብ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡቺ በ1905 በፈጠራ መብት አስመዘገበው። በ1918 ደግሞ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር ኮሎራዶ ውስጥ በሚገኘው የፓይክስ ፒክ ተራራ አናት፣ 4300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ አውጥቶ ፈተነው። በዝቅተኛ ስፍራ 350 የፈረስ ጉልበት ገደማ የነበረው ሞተር በተራራው ላይ ያለ ቱርቦ 230፣ በቱርቦ ግን 356 የፈረስ ጉልበት ሰጠ።

ቱርቦ በቤት መኪና ላይ ተገጥሞ ለገበያ የቀረበው በ1962 ነው። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የነበረው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር ባለ 3.5 ሊትር ሞተር ሲሆን 215 የፈረስ ጉልበት ነበረው። መሐንዲሶቹ ሞተሩ እንዳያንኳኳ ሲሉ ቱርቦው በሚነፋበት ጊዜ ውሃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ እየተረጨ እንዲገባ አደረጉ። ፈሳሹ ካለቀም የቱርቦውን ግፊት የሚቀንስ መከላከያ አበጁለት። ብዙዎቹ ባለቤቶች ግን ፈሳሹን መሙላት እየዘነጉ መኪናው ደከመብን ሲሉ ያማርሩ ነበር። ሞዴሉ ከሁለት ዓመት በላይ አልዘለቀም፤ ኋላም ኩባንያው ለሚፈልጉ ሁሉ ቱርቦውን አውልቆ በተራ ካርቡራተር ተካላቸው። ከዚህ የምንረዳው መሣሪያ የቱንም ያህል ቢራቀቅ የተጠቃሚውን ጥንቃቄ የማይተካ መሆኑን ነው።

የነገሩ ሁሉ መሠረት ሚዛን ነው። 1 ኪሎ ቤንዚን በሙሉ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ያስፈልገዋል። መኪናው ሳይቸኩል በሚጓዝበት ጊዜ ይህ ሚዛን ተስማሚ ነው። ቱርቦው በሙሉ ኃይሉ ሲነፋ ግን ነዳጁ በርከት ብሎ ለ1 ኪሎ ቤንዚን የሚደርሰው አየር ከ11.5 እስከ 12.5 ኪሎ ቢሆን ይመረጣል። ትርፉ ነዳጅ በከንቱ የባከነ አይደለም፤ በሚተንበት ጊዜ የሲሊንደሩን ሙቀት ያበርዳል። ነዳጁ ሲያንስ ሙቀቱ ያይላል፤ ካንዴላው የለኮሰው እሳት ገና ያልደረሰበት ድብልቅም ራሱን በራሱ ይፈነዳል። መካኒኮች ሞተሩ አንኳኳ የሚሉት ይህንኑ ነው። በከባድ ጭነት ላይ ጥቂት ሴኮንዶች ማንኳኳት ፒስቶን ለመብሳት ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ለማቃጠል ሊበቃ ይችላል።

እንግዲህ ጦር ከመንቀሳቀሱ በፊት ስንቁ እንደሚታሰብለት ሁሉ የቱርቦው ግፊት ከመጨመሩ በፊት ነዳጁ ሊታሰብ ይገባል። ለምሳሌ በ1987 የተሠራውን ቢዩክ ግራንድ ናሽናል እንውሰድ። ይህ አሜሪካዊ መኪና ባለ 6 ሲሊንደር፣ 3.8 ሊትር ሞተርና ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ የነበረው ሲሆን ጉልበቱም 245 ፈረስ ነበር። በተለመደው ስሌት እንዲህ ያለ ሞተር ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.27 ኪሎ ያህል ነዳጅ ይፈልጋል። ስለዚህ በሙሉ ጉልበት ሲሠራ የሚያስፈልገው በሰዓት 66 ኪሎ ገደማ ነው። ባለቤቱ 300 ፈረስ ከፈለገ ወደ 81 ኪሎ ይደርሳል። ይህን ጭማሪ ፓምፑም፣ ፊልትሮውም፣ ኢንጀክተሮቹም መቻል አለባቸው። ኢንጀክተር ክፍት ሆኖ የሚቆየው ከጊዜው ከ80 እስከ 85 በመቶ ከበለጠ መጠባበቂያ አልቀረውም ማለት ነው።

ብዛቱ ብቻ ሳይሆን ግፊቱም ይመረመራል። የነዳጁ መነሻ ግፊት 3 ባር ከሆነና ቱርቦው 0.7 ባር ከነፋ፣ ነዳጁ አየሩን አሸንፎ እንዲገባ መሥመሩ 3.7 ባር ማሳየት ይኖርበታል። ከዚያ ካነሰ ፓምፑ ደክሟል፣ ፊልትሮው ተዘግቷል፣ ወይም ወደ ግፊት መቆጣጠሪያው የሚሄደው ቀጭን ጎማ ተቀዷል። ይህ ሳይጣራ የኮምፒዩተሩን ቁጥሮች መነካካት በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት እንደማዘዝ ይቆጠራል።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ነገሩን ይበልጥ ያጠብቀዋል። ማርሽ በእጅ በሚቀየርበት መኪና ሾፌሩ ፍሪሲዮን ሲረግጥ እግሩን ከነዳጁ ስለሚያነሣ ሞተሩ ለአፍታ ያርፋል። በአውቶማቲክ ግን ማርሹ የሚቀየረው ነዳጁ እንደተረገጠ ነው፤ ሞተሩ ከአንደኛ እስከ መጨረሻው ማርሽ ድረስ ዕረፍት የለውም። የነዳጅ እጥረት ካለም ጉዳቱ ያለማቋረጥ ይቀጥላል። ከዚህም ሌላ መኪናውን በፍሬን ይዞ ነዳጅ እየረገጡ ቱርቦውን መፈተን የካምቢዮውን ዘይት በፍጥነት ያግላልና ከጥቂት ሴኮንዶች ማለፍ የለበትም። በተጠቀሰው ቢዩክ ላይ ከነዳጅ ፔዳሉ ጋር የተያያዘ ገመድ የካምቢዮውን የዘይት ግፊት ይወስናል። የነዳጁን ሥራ ሲሠራ ይህን ገመድ ያላላ መካኒክ ሞተሩን አድኖ ካምቢዮውን ያቃጥላል።

ለደጋ ነዋሪ ትልቁ አደጋ የሚመጣው ግን ወደ ቆላ ሲወርድ ነው። የቱርቦው ግፊት በተራ ሞላ በሚሠራ በር ብቻ የተገደበ ነው እንበል። መካኒኩ አሥመራ ላይ በጌጁ 0.9 ባር ቢሞላ፣ ከ0.77 ጋር ተደምሮ በሞተሩ ውስጥ 1.67 ባር ይሆናል። ያው መኪና ምጽዋ ሲወርድ ጌጁ ያንኑ 0.9 ያሳያል፤ በውስጡ ያለው ግፊት ግን 1.91 ባር ነው። ሾፌሩ ምንም ሳይነካ ግፊቱ ወደ 15 በመቶ ገደማ ጨመረ ማለት ነው። በዚህ ላይ የቆላው ሙቀት ማንኳኳትን ያበረታታል። ኮምፒዩተሩ ጭማሪውን ቢያውቀው እንኳ ኢንጀክተሮቹ ደጋው ላይ አቅማቸውን ጨርሰው ከነበረ ከየት አምጥተው ይጨምራሉ? ስለዚህ በደጋ የሚስተካከል መኪና የቆላው ፍላጎት ታስቦለት ከወዲሁ መጠባበቂያ ሊተውለት ይገባል።

የሥራው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ፊልትሮ፣ ካንዴላና የአየር ጎማዎች ይታደሳሉ፤ የተቀደደም ካለ ይለወጣል። ቀጥሎ የነዳጁ ግፊት ሞተሩ ጭነት ላይ እያለ ይለካል። ከዚያም የአየርና የነዳጅ ሚዛኑ በማርሚታው ላይ በሚገጠም ሰፊ ክልል ባለው የኦክስጅን መለኪያ ይነበባል። ሚዛኑ ትክክል ሆኖ ማንኳኳት አለመኖሩ ሲረጋገጥ ብቻ የቱርቦው ግፊት በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል፤ በእያንዳንዱ እርምጃም ልኬቱ ይደገማል። የተገኘው ቁጥር ሁሉ ከቦታውና ከአየሩ ሙቀት ጋር በመዝገብ ይጻፍ። በመጨረሻም የካምቢዮው ዘይት ይታያል፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ጉልበት የመጨመሩ ሐሳብ ይተው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለብረት ብቻ ታስቦ አይደለም። በጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ ሌላ መኪና በሚቀደምበት ቅጽበት ሞተር ቢጠፋ ለፍሬኑና ለመሪው የሚሰጠው እገዛም አብሮ ይደክማል። በዚያን ጊዜ የሚከፈለው ዋጋ የፒስቶን ዋጋ አይሆንም። ጉልበት የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ መለኪያውን ያንብብ፤ ነዳጁ መድረሱን ሳያረጋግጥም አየር አይጨምር።