የነርቭ ሥራና የጓያ ጉዳት

እንጀራ ስንጋግር እጃችን የጋለ ምጣድ ቢነካ ምን እናደርጋለን? ሳናስብ ቶሎ እንሰበስበዋለን። ማቃጠሉ የሚታወቀን ከዚያ በኋላ ነው። ለመሆኑ እጃችንን ተሰብሰብ ብሎ ያዘዘው ማን ነው? ያዘዘው የነርቭ ሥርዓታችን ነው።

የነርቭ ሥርዓት ሦስት ክፍሎች አሉት። እነርሱም አንጎል፣ ኅብለ ሰረሰርና ነርቮች ናቸው።

አንጎል የሚገኘው በራስ ቅላችን ውስጥ ነው። የአንድ ትልቅ ሰው አንጎል 1 ኪሎ ከ400 ግራም ያህል ይመዝናል። የምናስበው፣ የምናስታውሰውና ፊደል የምንለየው በእርሱ ነው።

ኅብለ ሰረሰር ከአንጎል ተነሥቶ በጀርባ አጥንታችን ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል። ገመድ ይመስላል። ውፍረቱ የትንሿን ጣት ያህል፣ ርዝመቱም 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው።

ነርቮች ደግሞ ከአንጎልና ከኅብለ ሰረሰር ወጥተው እስከ ጣታችን ጫፍ የተዘረጉ ቀጫጭን ክሮች ናቸው። ነርቭና ጅማት አንድ አይደሉም። ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ጋር ያያይዛል። ነርቭ ግን መልእክት ያመላልሳል።

መልእክቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወደ አንጎል የሚሄድ ወሬ ነው። እሾህ ሲወጋን ወይም ሲበርደን ወሬው ወደ ላይ ይሄዳል። ሁለተኛው ከአንጎል ወደ ጡንቻ የሚወርድ ትእዛዝ ነው። ዕርፍ ስንጨብጥም ሆነ መንገድ ስንሄድ ትእዛዙ ወደ ታች ይወርዳል። ነገሩ አስቸኳይ ሲሆን ግን ኅብለ ሰረሰር አንጎልን ሳይጠብቅ ራሱ ያዛል። ምጣድ የነካው እጅ የተሰበሰበው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ትእዛዙ የሚወርድበት መንገድ ቢበላሽስ? ይህን ለመረዳት ጓያን እንመልከት።

ጓያ ድርቅ ይችላል። ሌላው እህል ሲጠፋ እርሱ ይገኛል። ስለዚህ በችግር ጊዜ ብዙ ሰው ጓያ ብቻ ይበላል። ነገር ግን በፍሬው ውስጥ መርዝ አለ። ሰው ጓያን ዋና ምግቡ አድርጎ ለወራት ከበላ፣ መርዙ ለእግር ትእዛዝ የሚያወርዱትን ነርቮች ይጎዳል። በ1969 ዓ.ም አካባቢ በጣና ሐይቅ አጠገብ፣ በደምቢያና በፎገራ፣ ብዙ ሰዎች በዚህ ተጎድተዋል።

እንዲህ የሆነውን ሰው «ጓያ ሰበረው» እንላለን። ነገር ግን የተሰበረ አጥንት የለም። አእምሮው ደህና ነው። እግሩን ሲነኩትም ይሰማዋል። የጎደለው ትእዛዙ ነው። ስለዚህ እግሩ ይደርቃል። በጣቶቹ እየረገጠ በምርኩዝ ይሄዳል። ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዱት ወጣት ወንዶች ናቸው።

አንዳንዶቻችን በሽታውን የሚያመጣው ጓያ ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ነው እንላለን። ይህ ትክክል አይደለም። የሚጎዳው መብላቱ ነው። ከእንፋሎቱ ሸሽተን ቅቅሉን ብንበላ አንድንም።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ፦

1. ጓያን ለብቻው አንብላ። ከጤፍ፣ ከገብስ ወይም ከማሽላ ጋር እንደባልቀው። እህሉ ይብዛ፣ ጓያው ይነስ።
2. ጓያውን በብዙ ውኃ ዘፍዝፈን እናሳድረው። ጠዋት ውኃውን እንድፋው።
3. እሸቱንና ቆሎውን አናብዛ።
4. «እግሬ ከበደኝ፣ ደረቀብኝ» የሚል ሰው ካለ ጓያ መብላቱን ዛሬውኑ ያቁም። ወደ ጤና ጣቢያም ይሂድ። ቶሎ ካቆመ ጉዳቱ እንዳይብስ ይረዳዋል።

የተሰበረ አጥንት በወጌሻ ይጠገናል። ጓያ የጎዳውን ነርቭ የሚመልስ መድኃኒት ግን እስካሁን አልተገኘም። እግራችንን የምናድነው ዛሬ፣ ገና በደህና እየሄድን ሳለን ነው።