ፊልሙ ያሳያል፤ ሽማግሌው ይመሰክራል

ሰው ወዳለፈው ዘመኑ ተመልሶ ሊኖርበት ባይቻለውም፣ ተመልሶ ሊያየው ግን ይመኛል። ይህ ምኞት በሁሉም ዘንድ የታወቀ ሲሆን፣ እግር ኳስ በሚወዱ ሰዎች ላይ ይልቁን ይበረታል። አንድን ክለብ ከልጅነቱ ጀምሮ የደገፈ ሰው የዕድሜውን ዘመን የሚቈጥረው በክለቡ ጨዋታዎች ነው። «የበኵር ልጄ የተወለደው ዋንጫውን ባነሣንበት ዓመት ነው» ይላል፤ «አባቴ ያረፈው ብርቱ ሽንፈት በደረሰብን ክረምት ነው» ይላል። ስለዚህ የክለቡ አሮጌ ፊልም በፊቱ ሲገለጥ የሚያየው የኳሱን መንከባለል ብቻ አይደለም፤ የራሱንም ዕድሜ ነው።

በዛሬው ጊዜ እንዲህ ያለውን ፊልም ለማየት ወደ ሲኒማ ቤት መሄድ አያስፈልግም። የልጅ ልጅ የእጅ ስልኩን አውጥቶ ለአያቱ ያሳያል። ልጁ የተጫዋቾቹን ሰፊና ረጅም ቁምጣ አይቶ ይሥቃል፤ አያትየው ግን ዝም ብሎ ይመለከትና፣ «ቈይ፣ ቈይ! ይህ በግራ በኩል የሚሮጠው እገሌ ነው» ብሎ ስሙን ይጠራል። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ቢያልቅም ወሬው አያልቅም። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምናስበው ይህንኑ ነው፤ ይኸውም ፊልም ያለ ምስክር ዲዳ እንደ ሆነ፣ ምስክርም ያለ ፊልምና ያለ ጽሕፈት ከሰውዬው ጋር አብሮ እንደሚቀበር ነው። «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተመለከተ በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ከምድር ቤት የወጣው ፊልም

በአዲስ አበባም ሆነ በአስመራ የእንግሊዝን ክለቦች የሚደግፉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ከእነዚህም ክለቦች አንዱ ማንቸስተር ዩናይትድ ነው። ይህ ክለብ በ1878 በምድር ባቡር ሠራተኞች የተቋቋመ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ኒውተን ሂዝ ይባል ነበር፤ የዛሬውን ስሙን ያገኘው በ1902 ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 6 ቀን ወደ በርንሊ ከተማ ሄዶ ከከተማው ክለብ ጋር ተጋጠመና 2 ለ 0 አሸነፈ። በዚያን ቀን ከሜዳው ዳር የፊልም ማንሻ መሣሪያ ተተክሎ ነበር።

ፊልሙን ያነሡት ሚቼልና ኬንዮን የተባሉ የብላክበርን ከተማ ነጋዴዎች ናቸው። የነዚህ ሰዎች ንግድ እጅግ ብልኅነት ያለበት ነበር። ሠራተኞች ከፋብሪካ ሲወጡ፣ ሕዝብም በእግር ኳስ ሜዳ ተሰብስቦ ሲቆም በቀን ያነሡታል፤ ከዚያም ፊልሙ በየትርኢቱ ቦታ ሲታይ ያው ሕዝብ ገንዘብ ከፍሎ ራሱን ለማየት ይመጣል። በዚህ ምክንያት መሣሪያቸውን ብዙ ጊዜ የሚያዞሩት ወደ ተመልካቾቹ ነበር። የሚነሣው ፊልም ጥቅሉ አጭር፣ መሣሪያውም በእጅ የሚዘወርና ካንድ ቦታ የማይነቃነቅ ስለ ነበረ፣ ግብ በሚገባበት ቅጽበት ላይ መድረስ የዕድል ነገር ነበር።

ንግዱ ከቆመ በኋላ ፊልሞቹ ለብዙ ዘመን ተረስተው ቀሩ። በ1994 ግን በብላክበርን አንድ አሮጌ ሱቅ የሚያጸዱ ሠራተኞች ከምድር ቤቱ ውስጥ የብረት በርሜሎች አገኙ። በውስጣቸውም ስምንት መቶ ያህል የፊልም ጥቅሎች ነበሩ። የዚያ ዘመን ፊልም እሳት ቶሎ የሚይዘው፣ ከእርጅናም የተነሣ የሚበሰብስ ነው። ስለዚህ ፊልም የሚወድ አንድ የከተማው ነዋሪ ተረክቦ በቀዝቃዛ ቦታ አኖራቸው፤ በ2000ም ለብሪታንያ የፊልም ተቋም ተላለፉ። ተቋሙ እያንዳንዱን ጥቅል በጥንቃቄ አጽድቶ ገለበጠ። በሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ሊቃውንትም የየፊልሙን ቦታና ቀን ከጊዜው ጋዜጦች ጋር እያስተያዩ መረመሩ።

ፊልሙን የሚያዩ የዛሬ ደጋፊዎች የሚገረሙት በጨዋታው ብቻ አይደለም። ባርኔጣ ወይም ቆብ ያላደረገ ሰው በሕዝቡ መካከል ማግኘት ያስቸግራል። ሕፃናት በፊት ቆመው ወደ መሣሪያው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ከነዚያ ሁሉ ሰዎች መካከል ዛሬ በሕይወት ያለ አንድ ስንኳ የለም። ሊቃውንቱ ቦታውንና ቀኑን ለማወቅ ችለዋል፤ በፊት ቆሞ የሚሥቀው ልጅ ማን እንደ ነበረ፣ ከማን ቤት እንደ መጣ ግን የሚነግራቸው ሰው አልቀረም። ፊቱ ተረፈ፤ ስሙ ጠፋ።

በሙኒክ ስለ ሞቱት ወጣቶች

የዚሁ ክለብ ሁለተኛ ታሪክ ከዚህ የተለየ ነው፤ ምክንያቱም ፊልሙ ሲታይ የሚመሰክሩ ሰዎች ነበሩና ነው። ከጦርነቱ በኋላ ማት ቡዝቢ የተባለው አሠልጣኝ ከወጣቶች የተውጣጣ ድንቅ ቡድን አቋቁሞ ነበር። ቡድኑ በ1958 ፌብሩዋሪ 1 ቀን በሎንዶን አርሰናልን 5 ለ 4 አሸነፈ። ከአራት ቀን በኋላም በቤልግሬድ ከቀይ ኮከብ ክለብ ጋር 3 ለ 3 ተለያይቶ ለኤውሮጳ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። በማግሥቱ፣ በፌብሩዋሪ 6 ቀን፣ ወደ አገሩ ሲመለስ አውሮፕላኑ በሙኒክ በበረዶ በተሸፈነው ሜዳ ላይ ሦስተኛ ጊዜ ለመነሣት ሲሞክር አደጋ ደረሰበት። 23 ሰዎች ሞቱ፤ ከነርሱም 8ቱ ተጫዋቾች ነበሩ። ከ8ቱ አንዱ ደንከን ኤድዋርድስ ለ15 ቀን ከሞት ጋር ታግሎ በ21 ዓመቱ ዐረፈ።

ኤድዋርድስ ሲጫወት የሚያሳየው ፊልም ጥቂት ነው። ያን ጥቂት ፊልም ያየ ወጣት፣ «ይህ ሁሉ ስለርሱ የሚነገረው ለምንድን ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። በዚያን ጊዜ በሜዳው የነበረ ሽማግሌ ይመልስለታል፤ ስለ ጕልበቱ፣ በሁለቱም እግሮቹ ስለ መምታቱ፣ ኳስ ሲይዝ ሕዝቡ ስለሚያሰማው ድምፅ ይነግረዋል። ፊልሙ የጐደለውን ቃሉ ይሞላዋል።

ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1968 ሜይ 29 ቀን፣ ክለቡ በዌምብሊ በተጨማሪ ሰዓት ቤንፊካን 4 ለ 1 አሸንፎ የኤውሮጳን ዋንጫ ተቀበለ። ከሙኒክ አደጋ የተረፈው ቦቢ ቻርልተን ሁለት ግብ አገባ፤ በአደጋው ክፉኛ ቈስሎ የነበረው ቡዝቢም አሠልጣኙ ነበር። ይህንን ፊልም የሚያዩ አሮጌ ደጋፊዎች በደስታው መካከል እንባ ቢመጣባቸው፣ ምክንያቱ በፊልሙ ላይ የማይታዩትን 8 ልጆች ስለሚያስቡ ነው። የሙኒክን ታሪክ ያልሰማ ሰው ግን ያንኑ ፊልም አይቶ አንድ መልካም ጨዋታ ተመለከትሁ ብሎ ይሄዳል። ቻርልተን በ2023 ዐረፈ፤ ከዚያ አደጋ ከተረፉት ተጫዋቾች የመጨረሻው እርሱ ነበር።

የኛ አገር ክለቦች

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በአዲስ አበባ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. ነው። ጥቂት ወራት ሳይቈይ የጣልያን ጦር ከተማዪቱን ያዘ። ክለቡ ግን በዚያ የመከራ ዘመን አልጠፋም። ከነጻነት በኋላ ለብዙ ዓመታት ከተጫወቱለት ሰዎች አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ነው። የእግር ኳስን ሕግ ወደ ዐማርኛ የተረጐመው እርሱ ነው፤ ኋላም ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ አገልግሏል። ዐማርኛ በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን ስለ ጨዋታው በዐማርኛ ሲነጋገሩ ይህን ሰው ማስታወስ ይገባቸዋል።

በአስመራም ታሪኩ ያነሰ አይደለም። እኛ ትግርኛ ተናጋሪዎች ጨዋታውን «ኩዕሶ እግሪ» እንለዋለን። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በነበረችበት ዘመን የሐማሴን ቡድን በ1955ና በ1957፣ የአካለ ጉዛይ ቡድንም በ1958 የአገሩ ሻምፒዮን ሆነዋል። በጥር 1960 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በኢትዮጵያ ሲደረግ ግጥሚያዎቹ በአዲስ አበባና በአስመራ ተከፍለው ስለ ነበር፣ የአስመራ ሕዝብ የጋናን፣ የሴኔጋልን፣ የሁለቱንም ኮንጎዎች ቡድን በከተማው አይቷል። ዛሬ ሁለቱ አገሮች የየራሳቸው መንግሥት አላቸው፤ የዚያን ጊዜው ጨዋታ ትዝታ ግን በሁለቱም ወገን ባሉ ሽማግሌዎች ልብ አለ።

ከሁሉ የሚበልጠው ትዝታ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የተደረገው ነው። የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ በአዲስ አበባ ስታዲየም ሲደረግ፣ ኢትዮጵያ የገጠመችው ዋንጫውን ሁለት ጊዜ የወሰደውን የግብፅ ቡድን ነበር። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፤ የኛዎቹ ሁለት ጊዜ አስተካከሉ። በመጀመሪያ ግርማ ተክሌ፣ ቀጥሎም የቡድኑ አለቃ፣ ማለት አምበሉ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ አገቡ። በተጨማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎና የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ግብ ጨምረው ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ። ከጣልያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት በአስመራ የተወለደው ሉቺያኖ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ገና አልነበረም፤ ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ወደ ስታዲየሙ ያልገባው ሕዝብ ያንን ቀን የሚያስበው እንደ ሰማው ነው። የእንግሊዙ ፊልም ፊትን ጠብቆ ስምን አጠፋ፤ በኛ አገር ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ስሙና ወሬው በሰው አፍ አለ፣ የሚታየው ሥዕል ግን ጥቂት ነው። አፍ ደግሞ ለዘለዓለም አይናገርም። መንግሥቱ ወርቁ በ2010፣ ኢታሎ በ2021፣ ሉቺያኖም በኢጣልያ በስደት ሳለ በ2022 ዐርፈዋል። በዚያን ቀን የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ተመልካች ዛሬ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ለየቤተሰቡ የሚሆን ምክር

ሽማግሌዎች ሲያወሩ አንዳንድ ጊዜ ነገሩን እንደሚያበዙት አይካድም። ከፍጹም ቅጣት ክልል የተመታው ኳስ በወሬ ሲተላለፍ ከሜዳው እኩሌታ የተመታ ይሆናል። ፊልም ወይም ፎቶግራፍ ሲገኝ ይህንን ያርማል፤ ሽማግሌውም ሥቆ «እንዲያ ነበር እንዴ?» ይላል። ነገር ግን ስለዚህ ስሕተት ብለን ምስክርነቱን ሁሉ መናቅ አይገባንም። ስለ ርቀቱ ቢሳሳት፣ ከጎኑ ማን እንደ ቆመና በዚያ ሌሊት በሰፈሩ ምን እንደ ተዘፈነ ከርሱ በቀር የሚነግረን የለም።

ስለዚህ አንባብያን ሆይ፣ በመጪው እሑድ አንድ ነገር እንድትፈጽሙ እንለምናችኋለን። ከቡና በኋላ አባታችሁን ወይም አያታችሁን በልጆች መካከል አስቀምጡ። የቤቱን አሮጌ ፎቶግራፎች አውጡ፤ በእጅ ስልክ የሚገኝ የክለባቸው ፊልም ካለ አሳዩአቸው። «ይህ ማን ነው?» እያላችሁ በየተራ ጠይቁ። በሚናገሩበት ጊዜ አታቋርጡ፣ ለማረምም አትቸኵሉ። ከልጆቹ አንዱ ስሙን፣ ቦታውንና ዓመቱን በፎቶግራፉ ጀርባ በእርሳስ ይጻፍ፤ ሌላው ድምፃቸውን በስልኩ ይቅዳ። ፎቶግራፉን ከፀሐይና ከእርጥበት ጠብቁ። ሴቶች አያቶችንም መጠየቅ አትርሱ፤ ባሎቻቸውና ወንድሞቻቸው ወደ ሜዳ ሲሄዱ በራዲዮ የሰሙትን፣ በማታም የተቀበሏቸውን እንግዶች ያስታውሳሉና።

ይህን ለማድረግ ብዙ ገንዘብም ብዙ ትምህርትም አያስፈልግም፤ አንድ እርሳስና የአንድ ከሰዓት በኋላ ትዕግሥት ይበቃል። የበርንሊው ልጅ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት በፊልሙ ላይ ይሥቃል፤ ስሙን የሚያውቁ ሁሉ ግን ሳይጽፉት ዐለፉ። የኛን ሰዎች ስም የሚያውቁ ገና በመካከላችን ተቀምጠዋል።