ልጃችሁ «ኢፑስ» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ከጻሃል ለሰንበት ወደ ረሖቮት የመጣው ልጃችሁ አዲስ ጠመንጃ ይዞ «ኢፑስ አደረግሁ» ይላችሁ ይሆናል። ኢፑስ ጠመንጃውን ከተኳሹ ዓይን ጋር ማስማማት ነው።

ወታደሩ ተኝቶ፣ 25 ሜትር ርቆ በተተከለ ወረቀት ላይ አንዲት ነጥብ እያለመ ጥቂት ጥይት ይተኩሳል። መጀመሪያ የሚታየው መሐሉን መምታቱ ሳይሆን ጥይቶቹ ተቀራርበው ማረፋቸው ነው። ከተበታተኑ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የትንፋሽና የጣት ነው፤ ምላጭ በዝግታ እንጂ በድንገት አይሳብም። ተቀራርበው ግን ከነጥቡ ርቀው ካረፉ ማነጣጠሪያው ይስተካከላል። በኤም 16 ጥይቱ ዝቅ ብሎ ከመታ የፊተኛው ማነጣጠሪያ ዝቅ ይደረጋል። የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ነገር ግን እሱ ሲወርድ ተኳሹ አፈሙዙን ቀና ያደርጋል።

የጥይቱ ዓይነት ሲለወጥም ማረፊያው ይለወጣል። በዚሁ በረሖቮት፣ በቂቡጽ ኮረብታ ሥር፣ ከ1945 እስከ 1948 በምሥጢር የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ይሠሩ የነበሩት ወጣቶች እዚያው ከመሬት በታች እየተኮሱ ይፈትሹት ነበር። ቦታው ዛሬ ሙዚየም ነው።

በጎንደር ማሽላችሁን ከዝንጀሮና ከከርከሮ የጠበቃችሁ አባቶች፣ ጠመንጃ እንግዳ አይሆንባችሁም። ይህንን ግን አትንኩት። በ25 ሜትር የ1 ሳንቲ ሜትር ስሕተት በ250 ሜትር 10 ይሆናል። የወንድሙ ዓይንም የእሱ ዓይን አይደለም። ቤት ሲገባ ከሕፃናት ርቆ ይቆለፍበት። ከወደቀ ወይም ማነጣጠሪያውን ሰው ካዞረው ልጃችሁ ሳይደብቅ ለአዛዡ ይንገር፤ እንደገና ኢፑስ ያስደርገዋል።